የሚጨሰው በረዶና የኔ ወላሂ

ሀርጌሳ፣ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ውስጥ እጅ ሲያርፍበት የሚያንሸራትት ግድግዳ ካያችሁ ማን እንደለሰነው አትጠይቁ። እኔ ነኝ። ጀማል እባላለሁ፣ የወሎ ልጅ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው። አራተኛን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩት ግን አምስት ብትሉኝም አልቀየምም።

ይሄን ያልኩት ገና ስጀምር ትንሽ እንድትስቁ ነው። ወደ ታች ስንወርድ የሚያስቅ ነገር የለም። ያሳቅኩበት ቀን ነው የሚያሳፍረኝ።

ያኔ ከተማው ከጦርነቱ በኋላ ገና እየተሰራ ነበር። ሰው ከስደት ካምፕ ይመለሳል፣ ቤቱን ያገኘዋል፣ ጣሪያውን አያገኘውም። ግድግዳው ሁሉ በጥይት ተበሳስቷል። የኔ ስራ ቀዳዳ መድፈን ነው። "ያን ሁሉ ጥይት ባይተኩሱ ኖሮ ጀማል በረሃብ ይሞት ነበር" እያልኩ እቀልዳለሁ። የምነግረው ሰው ወንድሙን በዚያ ጥይት ያጣ ይሁን አይሁን አላይም። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ። ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር የምትገኝ አንዲት ሻይ ቤት እቀመጣለሁ። ሶማሊኛዬ እንደ ውሃ ነው። ሶማሌዎቹም ሀበሾቹም "ጀማል መጣ!" ብለው ወንበር ይለቁልኛል። ንጉሥ አይደለሁም ትላላችሁ?

በዚያ ሰሞን ሐጂ ዩሱፍ የሚባሉ ሽማግሌ ቀጠሩኝ። የአንድ ትምህርት ቤት ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ፈርሶ እየተጠገነ ነው፤ አንዱን ክፍል የሳይንስ ክፍል እናድርገው ተብሎ እኔ ልለስነው ገባሁ። ክፍሉን የጠየቁት ቲቸር ሂሩት ናቸው። ከኢትዮጵያ በአንድ የእርዳታ ድርጅት በኩል የመጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ አስራ አንድ ሴት ልጆች ያስተምራሉ። ችግሩ ክፍሉን መጋዘን እናድርገው የሚል የኮሚቴ አባል በዝቷል። "ሴት ልጅ ፊዚክስ ተምራ ምን ልታደርግ ነው?" የሚል አባትም አለ። ሐጂ ዩሱፍ ግን የራሳቸው ልጅ እዚያ ስለምትማር፣ "ሐሙስ ጠዋት አባቶቹን ሁሉ አመጣለሁ፤ የምታስተምሪውን አሳዪያቸው። ካመኑ ክፍሉ ያንቺ ነው" አሏቸው።

ቲቸር ሂሩት የሚያሳዩት ነገር በዓይን የማይታይ ነገር ነው። እንዴት እንደሚታይ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ዕቃውን የሰራሁት እኔ ነኝ። ከተረፈ የመስኮት መስታወት ቆርጬ፣ በማጣበቂያ አጣብቄ፣ እቅፍ የሚያህል ሳጥን ሰራሁላቸው። ከላይ በኩል ወፍራም ጨርቅ ተለጠፈ፤ ከታች ጥቁር ጨርቅ ተነጠፈ። የላይኛው ጨርቅ በአልኮል ይርሳል፣ ከስሩ ደግሞ የሚጨስ በረዶ ይደረጋል።

በረዶው ይቀልጣል እንዳትሉ። አይቀልጥም፤ እንደ ጭስ ተንኖ ያልቃል። መድኃኒት ከውጭ በአውሮፕላን ሲመጣ በሱ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ረቡዕ ጠዋት አየር ማረፊያ ከሚሰራ ኢትዮጵያዊ ዘንድ የተረፈውን በአረፋ ሳጥን ተቀበልን። ቲቸር "በእጅህ እንዳትነካው" ሲሉኝ ነካሁት፤ ሁለት ጣቴ ተላጠ። "ነገ እኩለ ቀን ድረስ ቢቆይ ነው። ደግሞ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም" አሉኝ።

አልኮሉን ያመጣሁትም እኔ ነኝ። እዚያ አገር አልኮል ቀልድ አይደለም። መጠጥ ክልክል ነው፤ አረቄ ይዘው ተገኙ ተብለው የተባረሩ ሀበሾች አውቃለሁ። ስለዚህ ቲቸር ደብዳቤ ጽፈው ሰጡኝ። ባለመድኃኒት ቤቱ ደብዳቤውን አንብቦ "ለሕክምናና ለትምህርት ብቻ፣ የማይጠጣ" ብሎ በወረቀት ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማህተሙን አሳረፈ።

"ይሄን ወረቀት ከጠርሙሱ እንዳትለየው" አለኝ።

"እኔ ነኝ የምጥለው?" ብዬ አጥፌ የስራ ሱሪዬ ኪስ ከተትኩት። ወረቀቱ እዚያው ቀረ። ይሄን ያዙልኝ።

ረቡዕ ከሰዓት ቲቸር "ለነገ እንሞክረው" አሉ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድን። የእጅ ባትሪውን ለኔ ሰጡኝ፤ "ከጎን አብራ፤ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ፣ ኢንጂነር ጀማል" አሉኝ። እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። ስንጠብቅ ስንጠብቅ ከታች ስስ ጉም ተኛ። ምንም የለም። "ቲቸር፣ እኔኮ ከዚህ የበለጠ ጉም ከሲሚንቶ ከረጢት አወጣለሁ" አልኳቸው።

"ዝም ብለህ እይ።"

ከዚያ አንድ ነጭ ክር ተዘረጋ። ቀጥ ያለ። ማንም ሳይጎትተው ተዘርግቶ፣ ላላ፣ ጠፋ። ወዲያው ሌላ። ከዚያ ሌላ፣ አጭርና ጠማማ።

"ይሄ ምንድነው?" ድምፄ ቀጥኖ ነበር።

"ከሰማይ የመጣ ነው። ኮከብ ሲፈነዳ የሚረጭ ቅንጣት አለ፤ ኮስሚክ ሬይ ይባላል። ከላይ አየሩን ሲመታው ስብርባሪው ይረግፋል። አሁን ያየኸው ስብርባሪው ያለፈበትን መንገድ ነው፤ የአልኮሉ ተን መንገዱ ላይ ጤዛ እየሆነ ይታያል። ጣሪያውን አልፎ፣ ምናልባት ያንተንም ጭንቅላት አልፎ።"

"በኔ ጭንቅላት ካለፈ ምንም ሳይነካው ነው ያለፈው!"

ሳቁ። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ከዚያ የኔን ስራ ይዘው አስረዱኝ።

"የሲሚንቶ ከረጢት ደረቅ ቤት ቢቀመጥ ምን ይሆናል?"

"ምን ይሆናል? ይቀመጣል።"

"ውሃ ቢገባበትስ?"

"ይይዛላ! አንዴ ከያዘ ደግሞ አለቀ፣ ዱቄት ሆኖ አይመለስም።"

"ኮከብ የሚወለድበት ደመናም እንደዚያ ነው በለው። የዝናብ ደመና አይደለም፤ በከዋክብት መሀል የተንሳፈፈ ጋዝና አቧራ ነው። ብርዱ ከዚህ በረዶ እጅግ የባሰ ነው። አቧራው ስለሚጋርደው የኮከብ ብርሃን ውስጡ አይደርስም። በዚያ ብርድና ጨለማ ነገር ከነገር ጋር ለመዋሀድ አቅም ያጣል። ዘልቀው የሚገቡት እነዚህ ቅንጣቶች ናቸው። አንዷ የጋዙን ዋና ክፍል፣ ሃይድሮጂኑን ትመታና ቁራሽ ታነሳበታለች። የቆሰለ ሃይድሮጂን ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። ጎረቤቱን ይይዛል፣ ያገኘውን ለሚቀጥለው ያቀብላል፣ ያኛውም ለሌላው። በዚያ ቅብብል ውሃ ይፈጠራል። አቧራው ላይ በተጋገረው በረዶ ደግሞ ሌላም ሌላም፣ አልኮል እንኳ ሳይቀር።"

"ሰማይ ላይ አልኮል አለ?"

"አለ። ጠጪ የለውም እንጂ" አሉና እንደገና ሳቁ። ቀልዱ የሳቸው ነበር። ለኔ አምነው የነገሩኝ ቀልድ ነበር።

ከዚያ ተነስቼ ሻይ ቤት ሄድኩ።

እንግዲህ አስቡት። በሀርጌሳ ያንን ክር ካዩት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ስላየሁት ነገር ብናገር ይበቃኝ ነበር። ግን እንዴት ልናገረው? ቃሉ የለኝም። ቃል ሲያጥረኝ ደግሞ ቀልድ ነው የሚመጣልኝ። ሻዬን ያዝኩና፣ "ሰምታችኋል? ሰማይ ላይ አረቄ ተገኘ!" አልኩ።

ቤቱ ተገለበጠ። "ወርያ፣ አንተ ጀማል! ማን አገኘው?" አለ አንዱ።

"የኛ መምህር! ታዲያ ብቻቸውን እንዳይመስላችሁ፣ እኔም አለሁበት። በመስታወት ሳጥን ነው የምናወርደው። ከስር በረዶ፣ ከላይ ጨርቅ፣ ጠብ! ጠብ! ጠብ!" ብርጭቆዬን አንስቼ አንገቴን ወደ ኋላ ቀለበስኩ። ዓይኔን አጨናበስኩ፣ ተንገዳገድኩ። ሰው በሳቅ ይንፈራፈራል። ሻይ የምትቀዳዋ ሴትዮ እንኳ ጠረጴዛ ይዛ ትስቃለች።

ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ አልሳቀም። ልጁ ከአስራ አንዱ አንዷ እንደሆነች በኋላ ነው የሰማሁት።

"ሴት ልጆቹ ባሉበት ነው ይሄ የሚሰራው?" አለኝ።

"ነገ ጠዋት ነው የሚቀመሰው! አባቶችም ተጋብዛችኋል!"

"እየቀለድክ ነው?"

ሳቁ እንዳይሞትብኝ ፈራሁ። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ለናንተ ምን ያህል ትንሽ ነገር ነው! "ወላሂ እውነቴን ነው" አልኩት።

ሰውዬው ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። እኔ ሌላ ቀልድ ቀጠልኩ።

ሙስሊም የሆናችሁ ይገባችኋል። ላልሆናችሁ ልንገራችሁ፤ ወላሂ ማለት በአላህ ስም መመስከር ነው። እኛ ቀላጆቹ በየሁለት ቃሉ ጣል እናደርገዋለን። ሰውዬው ግን የሚያውቀው አንድ ወላሂ ነው። አንድ ሙስሊም በአላህ ስም መሰከረለት፣ ሄዶ ለሌላው አቀበለ፣ ያኛውም ለሌላው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የልስን ማንኪያዬን ይዤ ትምህርት ቤት ስደርስ ግቢው በአባቶች ተሞልቷል። ሴት ልጆቹ የሉም። የሳይንሱ ክፍል በር ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ የኔ መስታወት ሳጥንና የአልኮሉ ጠርሙስ አለ። አንዱ መኮንን ጠርሙሱን ያሸታል። ሐጂ ዩሱፍ ከዘራቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። ቲቸር ሂሩት መሀል ቆመዋል፤ ለእንግዶቹ ብለው ነው መሰለኝ አዲስ ሻሽ አስረዋል።

"ለትምህርት ነው፣ ከመድኃኒት ቤት ነው የመጣው" ይላሉ በተሰባበረ ሶማሊኛ። "ወረቀት አለው።"

"የታል ወረቀቱ?" አለ መኮንኑ።

ቲቸር አዩኝ። ፊታቸው በራ፤ ያንን ፊት አልረሳውም። "ይኸው ጀማል! ጀማል፣ ወረቀቱ አንተ ጋ ነው አይደል?" አሉኝ በአማርኛ።

ኪሴ ውስጥ ነበር። በጭኔ በኩል ይሰማኛል። ግን ያ ከሻይ ቤቱ የወጣው ሰውዬ ከሐጂ ጎን ቆሞ ያየኛል። ወረቀቱን ባወጣ "የማይጠጣ" የሚለውን እያወቅኩ በአላህ ስም እንደዋሸሁ ይገለጣል። ደግሞ እኔ የመኖሪያ ፈቃድ የለኝም፤ በዚያው ጠራርገው ድንበር ቢያሻግሩኝስ?

"የቱ ወረቀት?" አልኩ።

ቲቸር ዓይናቸውን ከኔ ነቅለው ወደ መኮንኑ ዞሩ። መኮንኑ "ማዓሊማ፣ እስኪጣራ ጣቢያ እንሂድ" አላቸው፤ መምህርት ማለቱ ነው፣ ትሕትና አልጎደለውም። ጠርሙሱን ይዘው ሄዱ። አባቶቹም ተበተኑ። አንዱ ሲወጣ "መጋዘን ይሁን ብለን ነበር" ሲል ሰማሁ።

ፎርማኑ "አንተ ምን ቆመሃል? የቀረውን ግድግዳ ጨርስ" አለኝ። ከግድግዳው፣ ከመስታወት ሳጥኑና ከበረዶው ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

አንድ ሰዓት ያህል ለሰንኩ። ከዚያ የአረፋውን ሳጥን ከፍቼ አየሁ፤ በረዶው ሁለት ጡብ ያህላል። ዘጋሁት። ለሰንኩ። ለራሴ "ይለቋቸዋል፤ የተማሩ ናቸው፣ ድርጅት አላቸው" እላለሁ። አራት ሰዓት ላይ ከፈትኩት፤ አንድ ጡብ። ለራሴ "እኔ ምን አደረግኩ? ቀለድኩ እንጂ!" እላለሁ። አምስት ሰዓት ላይ ከፈትኩት፤ የሳሙና ቁራጭ ያህላል፣ ይጨሳል። ለስኜ የማላውቀውን ግድግዳ ለስኛለሁ፤ ጎርባጣ፣ ማንኪያዬ እየዘለለ።

የዙህር፣ የቀትሩ ሶላት አዛን ሲል ውዱእ ላደርግ በርሜሉ ጋ ሄድኩ። ሱሪዬን ልሰበስብ ስል እጄ ወረቀቱን ነካ። ፊቴን ታጠብኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ወደ ቂብላ ዞሬ ቆምኩ። "አላሁ አክበር" ልል ብል አልወጣልህ አለኝ። ትናንት በዚህ ስም የማልኩበት አፍ ነው። ዛሬ በዚያው አፍ ምን ብዬ ልጀምር?

ማንኪያውን ጥዬ ሮጥኩ።

ጣቢያው ሩቅ አልነበረም። ቲቸር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከጎናቸው ሐጂ ዩሱፍ። ሽማግሌው ልጃቸውን ያስተማረችን ሴት ብቻዋን አልተውም ብለው ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበሩ። ያም የሻይ ቤቱ ሰውዬ አለ። ወረቀቱን መኮንኑ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። በላብ ርሷል፤ ማህተሙ ግን ይነበባል።

"ከየት አመጣኸው?"

"ከኪሴ።"

"ጠዋት የት ነበር?"

"ኪሴ።"

መኮንኑ ባለመድኃኒት ቤቱን አስጠራ። መጥቶ አየና፣ "የኔ ፊርማ ነው። ይሄን የሚጠጣ ሰው ይታወራል፤ ለዚሁ ልጅ ነው የሰጠሁት" ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

ሐጂ ዩሱፍ ወደ እኔ ዞሩ። "ወርያ፣ ትናንት ወላሂ ብለህ ኸምር፣ የሚያሰክር መጠጥ ነው አልክ። ዛሬ አይደለም ትላለህ። ወላሂ ትላለህ?"

"ወላሂ አይደለም፣ ሐጂ!"

"የቱን ወላሂ ልቀበልህ?"

ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ማህተም አዞርኩ። ሐጂ ቀጠሉ፤ "ዛሬ ከዐስር በኋላ ትናንት የተቀመጥክበት ወንበር ላይ ተቀምጠህ፣ ትናንት በነበረው ሰው ፊት ዋሽቻለሁ ትላለህ። ከጣልክበት ቦታ አንሳው።"

ቲቸር ሂሩት ሲነሱ የጠየቁኝ ይሄን ብቻ ነው፦

"በረዶው ቀርቷል?"

"ትንሽ ቀርቷል፣ ቲቸር።"

መኮንኑ ይቅርታ ጠይቆ ጠርሙሱን መለሰላቸው። በታክሲ በረርን። ሐጂ ዩሱፍም አብረውን። ክፍሉ ስንደርስ ሳጥኑን ከፈትኩ፤ እፍኝ የማይሞላ ጥርስ ጥርስ የሚያህል ስብርባሪ። ቲቸር በጓንት ለቅመው ከመስታወቱ ስር አደረጉት። ጨርቁን አራሱ። ብርድ ልብሱን ጋረድኩ፣ ባትሪውን አበራሁ። ዛሬ "ኢንጂነር" አላሉኝም። ሐጂ ከዘራቸውን ጥለው በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ ፊታቸውን መስታወቱ ላይ አስጠጉ።

ጠበቅን። ስስ ጉም የመጣ መሰለ። ጠፋ። ጥቁሩ ጨርቅ ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

"ያልፋሉ፣ ሐጂ። አሁንም እያለፉ ነው። የሚያሳየን ብርድ ነው ያነሰን" አሉ ቲቸር።

ሽማግሌው ከዘራቸውን አንስተው፣ ተደግፈው ተነሱ። "ማዓሊማ፣ አምንሻለሁ። ለአባቶቹ ግን አየሁ ብዬ ልነግራቸው አልችልም። አላየሁማ" አሉ። ያላዩትን አየሁ የማይሉ ሰው ነበሩ። እኔ ደግሞ አይቼ ነው የዋሸሁት።

ከዐስር በኋላ ሻይ ቤት ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። "ትናንት የተናገርኩት ውሸት ነው። መምህሯ መጠጥ አይሰሩም። እኔ ዋሽቻለሁ" አልኩ።

ከዚያ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ሌላውም። "ጀማል ሰከረ! ከሰማይ ያወረደውን ቀምሶ መጣ!" ቤቱ እንደገና ተገለበጠ። ቆምኩ፣ ጮህኩ፣ እንባዬ መጣ። እንባዬን ሲያዩ ደግሞ ባሰባቸው፤ ከዚያ በፊት እያለቀስኩ አስቄያቸው አላውቅምና። ያ ልጁን ያስቀረው ሰውዬ ብቻ አልሳቀም። የትናንቱ ወሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት ከተማውን አዳርሶ ነበር። የዛሬው ከወንበሩ አልተነሳም።

ከአስራ አንዱ ልጆች የተመለሱት ሦስት ናቸው፤ አንዷ የሐጂ ልጅ። ክፍሉ መጋዘን ሆነ። የኔ ጎርባጣ ግድግዳ እስከዛሬ አለ፤ ሌላ ግድግዳዬን አሳያችኋለሁ፣ ያንን አላሳያችሁም። ቲቸር ሂሩትን ወሩ ሳያልቅ ድርጅታቸው ወደ ሌላ አገር አዛወራቸው። የሄዱ ቀን አየር ማረፊያ ድረስ ሻንጣቸውን ተሸክሜ ሄድኩ። ሚኒባስ ውስጥ አንድም ነገር አልቀለድኩም። በሩ ላይ "ቲቸር፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። እንዲህ ነው ያሉኝ፦ "ጀማል፣ ሐጂ ያላዩትን ያየኸው አንተ ነህ። ተማሪ ልጆቼም አላዩትም። ስትናገረው እንዳየኸው ተናገረው።"

አንባቢዎች ሆይ፣ ቃል ቀላል ነገር መስሏችሁ እንደሆነ እኔን እዩኝ። አንዲት ቅንጣት ገብታ ደመናውን የምትቀሰቅሰው ውሃ ልትሰራ ነው። የኔዋ ቃል ገብታ አስራ አንድ ልጆች በተነች። እንደያዘ ሲሚንቶ ሁለቱም ዱቄት ሆነው አይመለሱም። አሁንም እቀልዳለሁ፣ ተፈጥሮዬ ነው፤ ግን ከመቀለዴ በፊት ጥግ ላይ የማይስቅ ሰው አለ ወይ ብዬ አያለሁ።

ነጭ ነበር። ቀጥ ያለ ነበር። ማንም ሳይጎትተው ተዘርግቶ፣ ላላ፣ ጠፋ። እንዳየሁት ነገርኳችሁ። ወላሂ ግን አልላችሁም።